ዘመቻ ያልሆነ ድንኳን

በአማርኛ «ሰፈር» እና «ከተማ» የሚሉት ሁለት ቃላት ከአንድ ነገር ላይ የበቀሉ ናቸው፤ ከድንኳን። ሰፈር «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ፣ ከተማም «ከተመ» ከሚለው የወጡ ናቸው። ሁለቱም ጉዞ አቁሞ፣ ጓዝ አውርዶ ማረፍን ያመለክታሉ። የንጉሡ ድንኳን መሃል ላይ፣ የመኳንንቱ በየማዕረጋቸው ግራና ቀኝ፣ የወታደሩና የስንቅ አዘጋጁ ዳር ዳሩን እየተተከለ፣ ማረፊያ የነበረው ቦታ እያደር ከተማ ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ በደጃዝማችና በፊታውራሪ ስም የሚጠሩት መንደሮች የዚያ አሰፋፈር ቅሪት ናቸው።

እንዲህ ያለ ታሪክ ባላት አገር አንድ ነገር ግን ሳይለመድ ቀረ። ወጣቶች ማንም ሳያዘምታቸው፣ ጦርነት ሳይኖር፣ ረሀብ ሳይነዳቸው፣ ዓርብ ማታ ድንኳን ተሸክመው ወጥተው እሑድ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ልማድ! የስካውት ቡድኖች በብዙ አገር ከመቶ ዓመት በላይ ሲያደርጉት የኖሩት ይህንን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል፤ በመሃሉ ግን ሌላ ነገር ገባ።

ጥያቄውን በአንድ ቦታ ላይ አስቀምጦ ማየት ይቀላል። ቦታው አልዌሮ ግድብ ነው፤ ጋምቤላ ክልል፣ አቦቦ ወረዳ፣ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። አኝዋው፣ ኑዌሩ፣ ማጃንጉና ከደጋ የመጣው ልጅ በአንድ ቡድን ሆነው ሁለት ሌሊት እዚያ ቢያድሩ ምን ይገኛል? የሽርሽር ጥያቄ ይመስላል፤ ሆኖም ግማሽ ምዕተ ዓመት የተሸከመ ጥያቄ ነው።

🔹 ቃፊሩ እና ልጁ

«ስካውት» የሚለው ቃል በአማርኛ ጥሩ አቻ አለው፤ ቃፊር። ከጦሩ ቀድሞ ወጥቶ አገሩን የሚያይ፣ ዱካ የሚያነብ፣ አይቶ የሚመለስ ማለት ነው። ንቅናቄውን የጀመረው ሮበርት ቤደን ፓወልም የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ጊዜ በተከበበችው ማፌኪንግ ከተማ ልጆች መልእክት እያመላለሱ ምን ያህል ኃላፊነት መሸከም እንደሚችሉ አየ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1907 ሃያ ገደማ ልጆችን ሰብስቦ በእንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ በምትገኘው ብራውንሲ ደሴት ለአንድ ሳምንት ያህል ድንኳን ተከለ።

ከዚያ ካምፕ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የቋጠሮውንና የእሳቱን ነገር ነው። ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነበር። ከልጆቹ ከፊሎቹ የባለጸጎች ልጆች የሚማሩባቸው ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች፣ የቀሩት ደግሞ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ እነዚህ ልጆች በአንድ ገበታ የሚቀርቡበት አጋጣሚ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቤደን ፓወል ቀላቅሎ በትንንሽ ቡድን ከፈላቸው፤ ለየቡድኑም ከራሳቸው መካከል አለቃ ሾመ። እንጨት የሚለቅመው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ድስት የሚያጥበው በተራ እንጂ በአባት ስም አልነበረም።

ኢትዮጵያ ይህን ንቅናቄ የተዋወቀችው በጊዜ ነው። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የስካውት ቡድኖች ነበሩ። ወረራው ይህን ሁሉ በተነ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቱ መንግሥት የተማረውን ወጣት እያሳደደ በፈጀበት አገር የልጆች ድንኳን ሊታሰብ አይችልም ነበር። ከነጻነት በኋላ ነገሩ ዳግም ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1950 የአገሪቱ የስካውት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1969 ደግሞ የዓለም ስካውት ድርጅት አባል ሆነ።

የዚያ ዘመን ስካውት ጉድለት ነበረበት። መሠረቱ የከተማ ትምህርት ቤት ነው፤ ዩኒፎርሙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሕዝብም ይበልጥ የሚያውቀው በሰልፍ ላይ ሲያየው ነው። የገጠሩ ልጅ፣ በተለይ እንደ ጋምቤላ ያለው የዳር አገር ልጅ፣ በዚያ ድንኳን ውስጥ አልነበረም። ሆኖም አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ ልጁ የሚገባው ወዶ ነው፤ የሚወጣውም ወዶ ነው።

ይህ በአገሩ ባህል ውስጥ ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም። የቆሎ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከቀዬው ርቆ ጎጆ ቀልሶ ይማር ነበር። ውሻ እየተከላከለ፣ ምግቡን ለምኖ እያመጣ፣ ለየኔታ እንጨት እየሰበረ ያደገው ልጅ ከመጽሐፉ ባልተናነሰ ከመንገዱ ይማር ነበር። ልዩነቱ ስካውት ለሁለት ሌሊት፣ የቆሎ ተማሪው ለዓመታት መውጣቱ ነው።

🔹 ድንኳኑን መንግሥት ሲተክለው

ከ1950ዎቹ ጀምሮ ግን የተማረውን ወጣት ወደ ገጠር የሚያወጣው ሌላ ኃይል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች የሚልክ የአገልግሎት ፕሮግራም ጀመረ። አብዛኞቹ በመምህርነት ሠሩ። ብዙ የከተማ ልጆች የጭሰኛውን ኑሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያዩት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ «መሬት ለአራሹ» ለእነሱ የተሰማ መፈክር ብቻ ሳይሆን የታየ ነገር ሆነ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ «የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ» ብሎ 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር አሰማራ። ፊደል ማስተማር፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ደግሞ ገበሬውን በማኅበር ማደራጀት ሥራቸው ነበር። ብዙዎቹ በእውነት የደከሙ ልጆች ናቸው፤ ያስተማሩትም፣ የተማሩትም ብዙ ነው። ግን አልሄድም ማለት ዋጋ ያስከፍል ነበር፤ ያለ ዘመቻ የምስክር ወረቀት ትምህርት መቀጠልም ሆነ ሥራ ማግኘት ከባድ ሆነ። በዘማቹና በመንግሥቱ መካከል የነበረው ቅራኔ በየጣቢያው ፈነዳ፤ ከዘማቾቹም ብዙዎች ጣቢያቸውን ጥለው ሄዱ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ያ ትውልድ በቀይ ሽብር ታጨደ።

በዚህ ሁሉ መሃል ስካውት ጠፋ። ቦታውን የያዘው በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር፣ አኢወማ ነው። በድንኳኑ ፋንታ ቀበሌው፣ በእሳት ዳር ጨዋታው ፋንታ የውይይት ክበቡ መጣ። ወጣት መሆን በራሱ ግዳጅ ሆነ።

ከዚያም 1977 ዓ.ም. ደረሰ። በድርቁና በረሀቡ ሳቢያ መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋና ከሌሎችም ቦታዎች አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ጋምቤላ ያኔ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር አንድ አውራጃ ነበረች፤ አቦቦ አካባቢ ከሰፈራው ቦታዎች አንዱ ሆነ። ጎጆዎቹን ለመሥራት የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችና መምህራን ታዘዙ፤ ከተላኩባቸው ቦታዎች መካከል መተከልና ጋምቤላ ይገኙባቸዋል።

እነሆ፣ የመሃል አገሩ ተማሪ በብዛት ሆኖ ጋምቤላን ያየው እንዲህ ነው። ትከሻው ላይ እንጨትና ሣር፣ ደሙ ውስጥ ወባ። የሚሠራው ቤት የሚገቡበትን ሰዎች አያውቃቸውም፤ ብዙዎቹ ያለ ፈቃዳቸው የመጡ ናቸው። የቦታው ባለቤት የሆነውን አኝዋንም አያውቀውም፤ ሰውየው ግን ደኑ ሲመነጠር ቆሞ ያያል። ሦስት ወገን በአንድ መሬት ላይ ተገናኘ፤ ከሦስቱ አንዱም አልተጠየቀም።

🔹 ውሃው የጠበቀው እርሻ

አልዌሮ ግድብ የዚያው አሥር ዓመት ልጅ ነው። የአልዌሮ ወንዝ ከኢሉባቦር ደጋ ወርዶ፣ አቦቦን አልፎ፣ ወደ ምዕራብ ረግረጉ የሚፈስ ነው፤ ከባሮ፣ ከጊሎና ከአኮቦ ጋር የጋምቤላን ሜዳ ከሚያጠጡት አራት ወንዞች አንዱ ነው። ግድቡ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ተሠራ። 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ እንዲይዝና ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ነበር።

ግድቡ ቆመ፤ እርሻው ግን አልተከተለም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ሶቪየት ኅብረትም በዚያው ዘመን ፈረሰ፤ ብዙዎቹ ሰፋሪዎች ደግሞ ወደ መጡበት ተመለሱ። ውሃው ለብዙ ዓመታት የታሰበለትን መስኖ ሳያይ ተኛ። የአካባቢው ሰው ዓሣ አጠመደበት፤ ወፉና አዞው መኖሪያ አደረገው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሌላ ዕቅድ መጣ። የሼክ ሙሐመድ አላሙዲ ኩባንያ የሆነው ሳዑዲ ስታር በአቦቦ 10 ሺህ ሄክታር መሬት ለሩዝ ተከራየ፤ የአልዌሮም ውሃ የዕቅዱ ምሰሶ ሆነ። በዚያው ጊዜ በክልሉ የመንደር ማሰባሰብ ፕሮግራም ይካሄድ ነበር። መንግሥት አገልግሎት ለማዳረስ ነው አለ፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ደግሞ ሰው ያለ ፈቃዱ ከመሬቱ ተነሥቷል አሉ። ሚያዝያ 20 ቀን 2004 ዓ.ም. ታጣቂዎች የኩባንያውን ካምፕ አጥቅተው ቢያንስ አምስት ሰው ገደሉ፤ ከሟቾቹ አንዱ ፓኪስታናዊ፣ የቀሩት ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ልብ ማለት የሚገባው አለ። በአልዌሮ ዙሪያ በአርባ ዓመት ውስጥ የተተከለው መጠለያ ብዙ ነው፤ የሰፋሪው፣ የዘማቹ ተማሪ፣ የኩባንያው ሠራተኛ። ሁሉም ከሌላ ቦታ በተነደፈ ዕቅድ የመጡ ናቸው። ለአካባቢው ልጆች ሲባል የተተከለ ድንኳን ታሪክ ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቦታ አላገኘም።

🔹 ማን ማንን ያስተምራል?

«ልጆችን ወደ ተፈጥሮ ማውጣት» የሚለው ሐሳብ ከከተማ የተወለደ ነው፤ ለጋምቤላ ልጅ ሲነገረው ሊያስቀው ይችላል። የኑዌር ወጣት በበጋ ውሃና ግጦሽ ፍለጋ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል፤ እዚያው ከእኩዮቹ ጋር በከብት ሰፈር ይከርማል። ጭስ አጭሶ ትንኝ ማባረርን፣ የከብት ዱካ መለየትን፣ ሌሊት መጠበቅን የሚማረው ያኔ ነው። የአኝዋ ልጅ ወንዙን በታንኳና በመረብ ያውቀዋል። የማጃንግ ልጅ የማር ቀፎ ከሚሰቀልበት ዛፍ ጋር አብሮ አድጓል።

በዚህ በኩል የታሪክ ምስክርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1940 እና 1941 እንግሊዝ ከጣሊያን ጋር በዚህ ጠረፍ ስትዋጋ፣ ኑዌርንና አኝዋን ያጠናው የታወቀው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ ጥቂት የአኝዋ ተዋጊዎችን ይዞ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች ዙሪያ ተንቀሳቅሷል። ተማረ የሚባለው እሱ ነበር፤ መንገዱን፣ ረግረጉንና ጫካውን የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው። እውነተኞቹ ቃፊሮች እነሱ ነበሩ ማለት ነው።

ስለዚህ አልዌሮ ዳር የሚተከል የስካውት ድንኳን ጥቅሙ የጋምቤላን ልጅ ከቤት ውጭ ማደር ማስተማሩ ላይ አይደለም። ያንን ያውቃል። ጥቅሙ ከማን ጋር ያድራል የሚለው ላይ ነው። የኑዌሩ የከብት ሰፈር ኑዌር ብቻ ነው፤ የአኝዋው የዓሣ ቦታ አኝዋ ብቻ ነው፤ የደገኛው ልጅ ደግሞ ከከተማው ሱቅና ከትምህርት ቤቱ ርቆ አይሄድም። ሦስቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሊማሩ ይችላሉ፤ ደወል ሲደወል ግን እያንዳንዱ ወደየሰፈሩ ነው። እዚህ ላይ «ሰፈር» የሚለው ቃል ወደ ጥንት ትርጉሙ ይመለሳል፤ የጦር አሰፋፈር!

የመለያየቱ ዋጋ ደግሞ ተከፍሏል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በአኝዋ ላይ የተፈጸመው ግድያ በብዙ መቶ የሚቆጠር ሰው ቀጥፏል። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ወረዳዎች ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ወሰዱ። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተማዋ ራሷ የተኩስ ሜዳ ሆና ዋለች። ከዚያም ወዲህ በአኝዋና በኑዌር መካከል የተነሡ ግጭቶች ሰዓት እላፊ እስከ ማወጅ አድርሰዋል። በዚህ ላይ ክልሉ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠልሏል፤ ለብዙ የጋምቤላ ልጆች «ካምፕ» የሚለው ቃል የሚያስታውሳቸው ይህንኑ ነው።

🔹 «የምን ድንኳን?» ለሚለው

ተቃውሞው የሚታወቅ ነው፤ ተገቢም ነው። ሰው በሰላም ወጥቶ መግባት ባልቻለበት ቦታ ልጆችን ጫካ ማሳደር ቅብጠት አይሆንም? በጎጆው ውስጥ ያለው ልጅ አጎበር ሳይኖረው ለስካውት ድንኳን ማን ይገዛል? ደግሞስ ስካውት ራሱ የቅኝ ገዢ መኮንን የፈጠረው፣ ዩኒፎርምና ሰላምታ ያለው ነገር አይደለም ወይ?

የመጨረሻው እውነት አለበት። ስካውት በየአገሩ የገዢዎች ጌጥ ሆኖ ያውቃል፤ ኢትዮጵያም ውስጥ ከዚህ አላመለጠም። ነገር ግን ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1941 በኬንያዋ ኒየሪ ሲሞት ንቅናቄው ከእሱም ከግዛቱም እጅ ወጥቶ ነበር። ቅኝ ግዛት ሲያበቃ የአፍሪካ አገሮች ብዙዎቹ አልጣሉትም፤ የራሳቸው አደረጉት። የኢትዮጵያውም ማኅበር ከደርግ በኋላ ዳግም ተደራጅቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ዓለም ድርጅቱ ተመልሷል። ወንድና ሴት በአንድነት የሚሳተፉበት ሆኗል።

የሰላሙ ጥያቄ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ልጅን ለአደጋ የሚያጋልጥ ካምፕ ባይኖር ይሻላል። ደግነቱ ይህ ለስካውት አዲስ አይደለም፤ መሪ ቃሉ ራሱ «ዝግጁ ሁን» ነው። አልዌሮ ዳር ለማደር ዝግጅት ማለት ተጨባጭ ነገር ነው። ጉዞው በበጋ ይሆናል፤ በክረምት መንገዱ ጭቃ፣ ሜዳው ረግረግ ነው። ድንኳኑ አዞና ጉማሬ ከሚወጣበት ዳርቻ ርቆ ይተከላል፤ በውሃው ውስጥ መዋኘት የለም። ሁሉም ልጅ አጎበር ያገኛል፤ የሚጠጣው ውሃ ይፈላል። የአቦቦ ሽማግሌዎች ቀድመው ይጠየቃሉ፤ ከእነሱ አንዱ እሳቱ ዳር ተቀምጦ ወንዙ ከግድቡ በፊት እንዴት እንደነበር ይናገራል። ወላጅ ያውቃል፤ ይፈቅዳል። ያልፈቀደ ልጁን ያስቀራል፤ ማንም አይቀየመውም። በ1967ም ሆነ በ1977 ያልነበረው ይህ የመጨረሻው ነው።

የተቀረው ራሱ ይሠራል። ስድስት ወይም ሰባት ልጆች፣ ከየብሔሩ የተቀላቀሉ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ድንኳን። ከዱካ ማንበቡ ላይ ኑዌሩ ይመራል፤ ከዓሣው ላይ አኝዋው፤ ከጫካው ላይ ማጃንጉ፤ የከተማው ልጅ ካርታና ኮምፓስ ይይዛል። ማታ ሁሉም ይደክመዋል፤ የደከመው ሰው ደግሞ የጎረቤቱን ብሔር ለማሰብ አቅም የለውም፤ ብርድ ልብሱን ነው የሚያስበው። ይህ ግጭትን አያስቀርም። የመሬት ጥያቄን አይፈታም፤ ጠረፍ አይጠብቅም። ነገር ግን ነገ ግጭት ሲነሣና ስም ሲጠራ፣ ከወዲያኛው ወገን ቢያንስ አንድ ሰው በስሙ የሚታወቅ ይሆናል። በጋምቤላ ታሪክ ውስጥ በክፉ ቀን ሰው ሰውን ቤቱ ውስጥ የሸሸገው እንዲህ ባለ መተዋወቅ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሰላም ሚኒስቴር የጀመረው ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወጣቶችን ከተወለዱበት ክልል ውጭ እየላከ ነው። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ግን አሁንም ስምሪት ነው፤ አሁንም ከላይ ወደ ታች ነው። ከጎኑ የሚያስፈልገው ትንሹ ነገር ነው። የአንድ ትምህርት ቤት መምህር፣ የአንድ ወረዳ ፈቃድ፣ ጥቂት ድንኳን፣ ሁለት ሌሊት።

የኢትዮጵያ መንግሥታት ስልሳ ዓመት ሙሉ ወጣቱን አገር እንዲለውጥ ላኩት። አገሩን እንዲያይ ብቻ፣ አብሮት ካደገው ጎረቤቱ ጋር ውሃ ዳር ተቀምጦ ዓሣ እንዲጠብስ ብቻ የላከው ግን ጥቂት ነው። አልዌሮ ለእርሻ የተጠራቀመ ውሃ ነው፤ የእርሻው ነገር ገና ያከራክራል። ለልጆቹ ግን ማንንም ሳያፈናቅል ዛሬውኑ ሊያገለግል ይችላል፤ ግማሽ ቀን በማይፈጅ መንገድ፣ በአንድ የበጋ ቅዳሜ።